ለእትዬ ዘሐራ ቅቤ ስል እስከ መርሳ

ከወሎ የተመለስኩ ሰሞን የሥራ ጓደኞቼ ሻይ ቤት ባገኙኝ ቁጥር «እሺ፣ ቅቤው ተፈረደለት ወይስ ተፈረደበት?» እያሉ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። አራት ጊዜ ተረኩት፤ በአምስተኛው ድምፄ ተዘጋ። ስለዚህ ጻፍኩት። መርሳን አይታችሁ ለማታውቁና፣ እንደ ባለቤቴ፣ ለማየትም ሐሳብ ለሌላችሁ ነው።

ነገሩ የመጣው በሦስት ትንንሽ ብልቃጥ ነው። ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ረግጦ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ካለ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ሰይድ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ወልድያ የኬሚስትሪ መምህር የሆነ፣ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ የጻፈባቸውን ብልቃጦች ከደብዳቤ ጋር በሰው እጅ ላከልኝ።

የሰይድ አክስት እትዬ ዘሐራ ዕድሜ ልካቸውን መርሳ ገበያ ላይ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ጀማል የሐጂ ሙሄን ልጅ ፋጡማን አጭቷል። እትዬ ዘሐራም ለአማቾቻቸው ቤት አንድ ትልቅ ቅል ቅቤ ላኩ። ወር ሳይሞላ ሐጂ ሙሄ «ቅቤው አይረጋም፤ የእርዳታ ዘይት ገብቶበታል» ብለው ተነሱ። ማስረጃቸው አጭር ነበር። በእሳቸው ቤት የእርዳታ ዘይት ገብቶ አያውቅም፤ የእትዬ ዘሐራ ቤት ግን ስለተዘረፈ እርዳታ ተቀብሏል። «ቅቤ ከሚያጭበረብር ቤት ጋር አልጋባም» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እትዬ ዘሐራ ይማሉ ቢባሉ «ቁርኣን ለቅቤ አይያዝም» ብለው እምቢ አሉ። ረመዳን ሊገባ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም፤ ኒካሑ ከዚያ በፊት ካልታሰረ ጋብቻው እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃል።

እኔ የምሠራበት መሣሪያ ፕሮቶን ኤን ኤም አር ይባላል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሆዱ ውስጥ ኃይለኛ ማግኔት ያለበት በርሜል ነው። የሚመረመረው ነገር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይገባበታል፤ የሚወጣው ደግሞ ወረቀት ላይ የተሰለፈ የሹል ሹል መስመር ነው። ሹሎቹን ማንበብ የሚችል ሰው ቱቦው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። አነበብኩ። ከእትዬ ዘሐራ ጓዳ የመጣው «ሀ» ንጹሕ ቅቤ ነው። ከሐጂ ሙሄ ቤት የመጣው «ለ» ከሦስት አንድ እጁ ዘይት ነው፤ ያውም «ሐ» ተብሎ የተላከው የእርዳታ ዘይት ራሱ። ሴትዮዋ ነጻ ወጡ ብዬ ደስ አለኝ። ለሰይድ ደውዬ ልነግረው ስል መስመሩ ከመቋረጡ በፊት የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «መምህር፣ አክስቴ ወረቀት አላምንም፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ ይናገር ብላለች።»

አንደኛ ቀን

ባለቤቴ ሻንጣዬን እያስተካከለች «ሰው ጦርነት ሲሰማ ይሸሻል፤ አንተ ቅቤ ተከትለህ ወደዚያው» አለችኝ። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልቼ ወጣሁ። ሦስቱን ወረቀቶች በትልቁ አሳትሜ፣ መሐንዲሶች ፕላን በሚይዙበት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ጠቅልዬ በትከሻዬ አነገትኩ። ቱቦው ከሩቅ ምን እንደሚመስል የተገለጠልኝ ኬላ ላይ ነው። ወታደሩ «ያንን ነገር ቀስ ብለህ መሬት አስቀምጥ» አለኝ።

አስቀመጥኩ። ወረቀቱን አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው፤ አራቱን ጥግ በድንጋይ ያዘውና ሹሎቹን በጣቱ ተከተላቸው።

«የየት አገር ተራራ ነው ይሄ?»

«ተራራ አይደለም። ቅቤ ነው።»

የመሣሪያውን ሙሉ ስም ልነግረው አፌን ከከፈትኩ በኋላ የመጀመሪያው ቃል «ኑክሌር» መሆኑ ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት። ወታደሩ ወደ አለቃው ዞሮ «አለቃ፣ ቅቤ ነው ይላል» ብሎ ጮኸ። አለቃው ቀረብ ብሎ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ አፌን አሸተተ። ከአውቶቡሱ መስኮት አንዲት አሮጊት «ልጆቼ፣ ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል፤ ማንንም አይነካም፤ ልቀቁት» አሉ። ለቀቁኝ። እስከ ደሴ ድረስ ሴትዮዋ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሎ እያቀበሉ በሐዘን ያዩኝ ነበር።

የደሴ ብርድ የእንጦጦን ያስንቃል። አዲስ አበባ አልጋ ስትከራዩ መታወቂያ ያዩና ቁልፍ ይወረውሩላችኋል። ደሴ መታወቂያዬን አዩ፣ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁ፣ «መርሳ» ስል ተያዩና ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ።

ሁለተኛ ቀን

የሐይቅን ውኃ በመስኮት ማየቴ ትዝ ይለኛል። ውጫሌ ላይ መንገዱ ሲጠማዘዝ ጭንቅላቴ አብሮ መወዛወዙም እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ረዳቱ ትከሻዬን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ ወልድያ ነው፤ መጨረሻ ነው» ሲለኝ ነው። ለአንድ ቅቤ ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ መርሳን ተኝቼ አለፍኳት።

ሰይድን ስፈልገው ስልክ አይሠራም። በመንገዱ ዳር ተቃጥለው የቀሩ መኪኖች ላይ ልብስ ሊደርቅ ተሰጥቷል፤ ሰው ገበያውን ይገበያያል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሆቴል ገባሁ። ባለቤቷ ትልቅ የእንጨት ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ሰጠችኝ። ክፍሉ ጋ ስደርስ በር የለውም። የተነቀለበት ማጠፊያ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ተመለስኩ።

«እህቴ፣ በሩ የለም።»

«አዎ፣ ወስደውታል። ሁሉንም ነው የወሰዱት።»

«ታዲያ ቁልፉ ምን ያደርግልኛል?»

«የክፍሉ ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነዋ» አለች፤ እንደ እኔ ያለ ጠያቂ የሰለቻት ትመስላለች። ከዚያ ግን የራሷን ጋቢ አምጥታ በበሩ ፋንታ በምስማር መታችልኝ። ጋቢው ስር ወንበር አስደግፋ «ሰው ከገባ ወንበሩ ይወድቃል፤ ይሰማሃል» አለችኝ። እኔ በምኖርበት ኮተቤ መብራት ሁለት ሰዓት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል። እሷ መብራት ካየች ወራት ሆኗታል። ሻማ ስጠይቃት ግማሹን ቆርጣ ሰጠችኝና «ለግማሹ ሌላ እንግዳ አለ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ ቀን

ሰይድ ጠዋት አገኘኝ። የምመጣበትን ቀን በሰው እጅ ልኬለት ስለነበር መርሳ ቆሞ ሲጠብቀኝ ውሎ፣ አውቶቡሱ መስኮት ላይ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ሳልፍ አይቶኝ ኖሯል። «እጄን አውለበለብኩልዎት መምህር» አለኝና መሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ። በሚኒባስ ተመለስን። ሲሪንቃ ላይ መንገድ ዳር ማንጎ ገዛልኝ። እኛ ሰፈር ማንጎ ሲገዛ ተጨምቆ፣ ተሽትቶ፣ ተተችቶ ነው። እዚህ ሻጯ ራሷ ጨምቃ፣ አሽትታ፣ «ይሄ አይሆንህም» ብላ ሁለቱን አስቀረችብኝ።

እትዬ ዘሐራ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ሰላምታው ራሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። «አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልኝ! ዶክተር እኮ ነው፣ እዩት!» ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸው ሰሚ አላገኘሁም፤ እንዲያውም ወሬው ቀድሞኝ ወጥቶ አንዲት ጎረቤት ጉልበታቸውን ሊያሳዩኝ መጡ።

ገንፎ ቀረበ፤ መሐሉ ላይ ቅቤ እንደ ኩሬ ቆሟል። ማንኪያዬን ሳነሳ ጀማል፣ እጮኛው ልጅ፣ እየሮጠ ገባ። «እማ፣ እንዳይበላ! ሸህ እንድሪስ ነው የላኩኝ። እንግዳው ቃሉን ሳይሰጥ የሁለቱንም ቤት ቅቤ መቅመስ የለበትም ብለዋል።»

«ሳይበላ ይናገር ወይስ በልቶ ይናገር፣ ቅቤው ያው ቅቤ ነው!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሐራ። ግን ሸህ እንድሪስ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ሽማግሌ ተናግሯልና ገንፎው ተነሳ። በዓይኔ እስከ ጓዳ ሸኘሁት። በዚያው ሰዓት ሐጂ ሙሄ ደግሞ በግ አርደው እየጠበቁኝ ነበር፤ እሱም ታገደ። በመጨረሻ ገለልተኛ ቤት ተፈለገልኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ተስፋው ክርስቲያን ናቸው፤ ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ቤታቸው ቅቤ የሚባል ነገር አይገባም። «ከእኔ ቤት የበለጠ ንጹሕ የምስክር ማደሪያ የለም» አሉ። እኔ እንኳ ጾመኛ አይደለሁም፤ ግን ለፍትሕ ስል በተልባና በሽሮ አደርኩ። ጋሽ ተስፋው የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ መደብ ላይ ተኙ። ብለምናቸውም «አርፈህ ተኛ፤ ነገ የምትናገረው ብዙ ነው» አሉኝ።

አራተኛ ቀን

ስብሰባው ሸህ እንድሪስ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ስር ሆነ። ሐጂ ሙሄ ወፍራም፣ ጥምጥማቸው የተስተካከለ ሰው ናቸው፤ በቀኝ ተቀመጡ። እትዬ ዘሐራ በግራ። ወረቀቶቹን ሰይድ በእሾህ አጥሩ ላይ ሰካቸው። ፋጡማ ለእንግዶች ውኃ ልታቀርብ ከአክስቷ ጋር መጥታ ከኋላ ቆማለች።

«ቢስሚላህ፣ ንገረና» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«መሣሪያው በውስጡ ትልቅ ማግኔት አለው» ብዬ ጀመርኩ።

«ማግኔት ብረት ነው የሚስበው። ቅቤ ውስጥ ብረት አለ?»

«የለም። ግን ቅቤ ውስጥ ሃይድሮጂን የሚባል በጣም ትንሽ ነገር አለ። ማግኔቱ ውስጥ ሆኖ ሲጠሩት ‹አቤት› ይላል። አቤት የሚልበት ድምፅ ደግሞ እንደ ጎረቤቱ ይለያያል። ያ ድምፅ ነው እዚህ ሹል ሆኖ የሚወጣው።»

ጋሽ ተስፋው ምርኩዛቸውን አገጫቸው ስር አደረጉ። «ስንት ናቸው አቤት ባዮቹ?»

«በአንድ ጠብታ ቅቤ ከዓለም ሕዝብ ይበልጣሉ።»

«ሁሉም በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ።»

«እንደ ቀበሌያችን ስብሰባ ነዋ» አሉ፤ ግቢው ሳቀ። «ታዲያ አንተ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ምን ሰማህ?»

ቀጭን እንጨት አንስቼ አሳየሁ። «ይቺ በስተቀኝ ያለች ትንሽ ሹል የቅቤ ብቻ ናት፤ ዘይት ላይ የለችም። ‹ሀ› ላይ ቁመቷ ይህን ያህል ነው፤ ‹ለ› ላይ አጥራለች። ይሄኛው፣ ከሥሩ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ ያለው ደግሞ የዘይት ነው፤ ቅቤ ላይ ከቁጥር አይገባም። ‹ለ› ላይ ግን ይኸውላችሁ፣ ቆሟል። ስለዚህ የእትዬ ዘሐራ ቅቤ ንጹሕ ነው። በሐጂ ሙሄ ቤት ያለው ከሦስት አንድ እጁ የእርዳታ ዘይት ነው።»

ጨረስኩ። ጭብጨባ እንኳ ባይሆን ምስጋና እጠብቅ ነበር። ሐጂ ሙሄ ግን ብድግ አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«አላልኩም? አላልኩም ወገን! ዘይት አለበት አልኩ፤ መንግሥት የሚያዘው ማሽን ራሱ ዘይት አለበት አለ! ለእሷ የቀረው ንጹሑ ነው፤ ለእኔ የላከችው ድብልቁን ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መሣሪያው ዘይት አለ ይላል እንጂ ማን ጨመረው አይልም። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ወረቀቱን ሳየው አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ በኩል አላየሁትም ነበር። እትዬ ዘሐራን አየኋቸው። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ወረቀቱን፤ ከዚያ መሬቱን። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሴትዮዋን ላድን ብዬ መጥቼ በገዛ እጄ አስፈረድኩባቸው።

«ማለቴ…» አልኩ። ማለቴ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ።

«መምህር፣ አንዴ ልየው?» አለ የሴት ድምፅ።

ፋጡማ ናት። የውኃ ማንቆርቆሪያውን ለአክስቷ ሰጥታ ወደ አጥሩ ቀረበች። ሰይድ በጆሮዬ «ሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ነበረች፤ ጦርነቱ ነው ያቋረጣት» አለኝ። ልጅቱ «ለ»ን ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ ቆመች።

«ከሦስት አንድ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ከሦስት አንድ አይሆንም» አለች። «ከሰባት ሁለት ነው መሆን ያለበት።»

ወረቀቴን መልሼ አየሁት። ያገኘሁት ሃያ ዘጠኝ በመቶ ነበር፤ ለሽማግሌ እንዲቀል ብዬ ነው ወደ ሦስት አንድ ያስጠጋሁት። «ልክ ነሽ» አልኩ። «ከሰባት ሁለት ነው። እንዴት አወቅሽ?»

ወደ አባቷ ዞረች። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። «ቅሉ ሰባት ጣሳ ነበር። ሁለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘይቱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። አንድ ዶሮ ብቻ እግራችን ሥር ይጭራል።

ታሪኩን በአጭሩ ተናገረች። ተፈናቃዮች ባረፉበት ትምህርት ቤት ከሰሜን የመጣች ሴት ወልዳ ነበር። ገንፎ የሚያበላት ጎረቤት ቢገኝም ቅቤ የለም፤ ያላት ሁለት ጣሳ የእርዳታ ዘይት ብቻ ነው። ፋጡማ ሁለት ጣሳ ቅቤ ወሰደችላት። አራሷ በባዶ እጅሽ አትሄጂም ብላ ዘይቷን አስያዘቻት። ፋጡማም ቅሉ እንዳይጎድል ዘይቱን ጨመረችበት።

«ለእኔ አትነግሪኝም?» አሉ ሐጂ ሙሄ። «እኔ ለአራስ ቅቤ የምከለክል ሰው ነኝ?»

«አባ፣ ቅሉን በየጠዋቱ በእንጨት ይለኩት ነበር እኮ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሸህ እንድሪስ ናቸው። ሳቁን በሳል ሊሸፍኑት ሞክረው ሳሉ ራሱ ሳቅ ሆነባቸው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ፈነዳ። ሐጂ ሙሄ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ ወረቀቱ ተሳስቷል ማለት ነው?»

«ወረቀቱስ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ተስፋው። «የተሳሳቱት አንቱ ኖት።»

እትዬ ዘሐራ አልሳቁም። ተነስተው ፋጡማ ፊት ቆሙ።

«የእኔን ቅቤ ነው ለአራሷ ያበላሻት?»

«አዎ እትዬ።»

«ዘይቱ ሳይገባበት? ንጹሑን?»

«ንጹሑን።»

ልጅቱን ግንባሯን ሳሟት፤ ከዚያ ወደ ሐጂ ሙሄ ዞሩ። «ሐጂ፣ እስከ ዛሬ ልጅዎን የፈለጋት ጀማል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔ ነኝ። ካልሰጡኝ ወላሂ ሌሊት መጥቼ እጠልፋታለሁ!»

ሐጂ ሙሄ ከባድ ሰው ናቸው፤ ሲነሱ ሁለት ሰው ነው የደገፋቸው። እትዬ ዘሐራ እግር ሥር ሊያጎነብሱ ሲሉ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። «በስመአብ… አስተግፊሩላህ ልል ነው፣ ሁለታችሁም አስደነገጣችሁኝ» አሉ ጋሽ ተስፋው ዕንባቸውን እየጠረጉ። ኒካሑ ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው እንዲሆን ተቆረጠ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ በመጨረሻም እጃቸውን ሳያወርዱ «ያ አላህ፣ ይህን እንግዳም አብላው» አሉ።

አምስተኛ ቀን

ዱዓው ሳይውል ሳያድር ሠራ። ምስክርነቴ አብቅቷልና እገዳው ተነሳ። ጠዋት በእትዬ ዘሐራ ቤት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ በሐጂ ሙሄ ቤት በቅቤ የራሰ ፍትፍት፤ ሐጂ ሙሄ «ይሄ ንጹሑ ነው፣ አዲስ ነው» እያሉ በራሳቸው እጅ ያጎርሱኛል። ለሁለት ቀን በተልባ የቆየ ሆዴ ይህን ያህል ቅቤ አልጠበቀም ነበር። ዝርዝሩን እተወዋለሁ። ጋሽ ተስፋው ሳቅ ሳይሉ ጦስኝ አፍልተው አጠጡኝና «ጾም ይሻልህ ነበር» አሉኝ።

አውቶቡስ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን። ጀማል በባጃጁ ፋጡማንና አክስቷን ይዞ ሊሸኘኝ መጣ። ልጅቱ ሦስቱን ወረቀቶች ለማስታወሻ እንድተውላት ሸህ እንድሪስን አስለምናኝ ነበር፤ ሰጥቻታለሁ። አሁን «ለ»ን ጠቅልላ ይዛለች። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ዘረጋችው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅዎት። እዚህ ሁለት ነጥብ አንድ ሰባት ላይ ብቻዋን የቆመች ትንሽ ሹል አለች። ‹ሀ› ላይ የለችም፣ ዘይቱም ላይ የለችም። ሌሊቱን ሳስባት አደርኩ። ከቅቤም ከዘይትም አይደለችም። የምንድን ናት?»

አየሁ። አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔ አላረፈባትም።

«አሴቶን ናት» አልኩ። «የመስታወት ቱቦዎቹ የሚታጠቡበት ፈሳሽ። ቱቦው በደንብ ሳይደርቅ ቅቤው ገብቶበት ነው።»

«ማን ነው ያጠበው?»

ረዳቱ «አዲስ አበባ! ደሴ!» እያለ ወርዶ ሻንጣዬን ያዘ። ጀማል ወደ ሰማይ አየ።

«እኔ» አልኩ።

ፋጡማ ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «አብሽር መምህር» አለች። «ለሽማግሌዎቹ አልናገርም።»

መስኮቱን ከፍቼ «ትምህርትሽ ሲከፈት ነይ! መሣሪያውን አሳይሻለሁ!» ብዬ ጮህኩላት።

«እመጣለሁ ኢንሻአላህ!» አለች ከአቧራው ውስጥ። «ቱቦውን ግን እኔ ነኝ የማጥበው!»